የአያ አበጀ ደብዳቤ

ዛሬ ጠዋት ልጁን ለሚድር ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብዬው መጣሁ።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የድንኳኑም ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሠርጉም የለቅሶውም ድንኳን ያው ነው፤ የላስቲክ ወንበሩም ያው ነው። የባጃጁን ልጅ «ድንኳን የተጣለበት ቤት አድርሰኝ» አልኩት፤ አደረሰኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከዘራዬን አቅፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሽንኩርት እየላጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ታዲያ ምን ልጠርጥር? ወጣቶቹ ሲሳሳቁ «የዘንድሮ ሐዘንተኛ!» ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተከዝኩ በኋላ ተነሣሁና የቤቱን ጌታ እጁን ጨብጬ፣

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። ሁላችንም የምንሄድበት ነው» አልኩት።

«አሜን አባባ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ወጪው ነው እንጂ የከበደኝ፣ እሷስ ደስ ብሏት ነው የምትሄደው።»

እምነቱ አስደነቀኝ። ያስደነቀኝ ግን በሩ ላይ አበባ የሚለጠፍበት መኪና እስካይ ድረስ ብቻ ነው። ነጠላዬን እየገለበጥኩ እንዴት እንደሮጥኩ ጉልበቴ ይመስክር።

ትክክለኛው ለቅሶ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ነበር። እዚያ ስገባ አንዲት ሴት በሳህን ትኩስ ንፍሮ ሰጠችኝ። የስንዴውና የባቄላው እንፋሎት ፊቴ ላይ ወጣ። ሌላውን ሰው የንፍሮ ሽታ ሐዘን ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ውሸቴን ነው።

በዋሸሁበት ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በትውልድ ከተማዬ በይጁቤ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፍ እተክላለሁ፣ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን አወራለሁ። እናቴ አባቴን «እባክህ የዚህን ልጅ አፍ ሁለት ቁልፍ ትከልበት» ትለው ነበር። ስማቸው የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ አብሮኝ ይማራል፤ እሱ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ሲጠይቁትም አስቦ ነው። እንዴት እንደተወዳጀን አላውቅም። ምናልባት እኔን የሚሰማኝ ሰው ቸግሮኝ ይሆናል።

የስማቸው አባት አያ አበጀ ክረምቱ ሲወጣ፣ እንደ ብዙ የአገራችን ሰው፣ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወረደ። ሚስቱን እትዬ ውዴን እርጉዝ ትቷት ነው የሄደው። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን አባቷ መጥቶ ያውጣላት ብላ እስከዚያው «ሚጡ» ትላት ጀመር።

ወሬውን የሰማሁት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ነው። የወዳደቀ መርፌ በማግኔት እየለቀምኩ ነበር። አንድ ከቆላ የተመለሰ ሰው ከስማቸው አጎት ከአያ ደሴ ጋር መጥቶ ቆመ። ከእግራቸው በቀር አይታየኝም። የሰውዬው የጎማ ጫማ ላይ የእኛ አገር ያልሆነ ጥቁር ጭቃ ደርቋል።

«አበጀ አርፏል» አለ ሰውዬው።

«በዓይንህ አይተኸዋል?» አለ አያ ደሴ።

«እኔ ስለየው ንዳድ ጥሎት ነበር። ማረፉን ከቀበሩት ሰዎች ነው የሰማሁት።»

የአያ ደሴ ጉልበቶች ቀስ ብለው ታጠፉ። ፊቱ እንደ ባልዲ ወደ እኔ ወረደና ጠረጴዛው ሥር ተያየን። እኔ ማግኔቴን ይዤ፣ እሱ ወንድሙን አጥቶ።

እዚያው በረንዳው ላይ ተማከሩ። እትዬ ውዴ አራስ ናት፤ ገና በአሥራ አምስተኛ ቀኗ። አራስ መርዶ አይነገራትም። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ማንም እንዳይተነፍስ፣ በማግስቱ ዘመድ ተሰብስቦ እንዲያረዳት ተስማሙ። ለስማቸውም አይነገርም፤ ልጅ ነው፣ ፊቱ ይናገራል።

«ይሄኛውስ?» አለ አያ ደሴ እኔን እያየ።

አባቴ አቃሰተ። «እሱን ለእናቱ ተውላት።»

እናቴ ጓዳ አስገብታ ሁለቱን ጆሮዎቼን ያዘች። «ስማኝ ሙሉ። ይቺ ነገር ካፍህ ከወጣች የውዴ ወተት ይደርቃል። ወተቷ ከደረቀ ሚጡ ትሞታለች። ገባህ?»

ገባኝ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንዲት ሕፃን ነፍስ ምላሴ ሥር እንደ ከረሜላ ተቀምጣ ነበር፤ እንዳልውጣት ፈራሁ፣ እንዳልተፋት ፈራሁ። በእንቅልፌ እንዳልናገር አፌን በቁራጭ አቡጀዲ እያሰርኩ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ የመጀመሪያ ሥራዬ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ ማዳመጥ ሆነ። ሚጡ ካለቀሰች ተመስገን፤ ዝም ካለች ሌሊት አቡጀዲው ወልቆ የተናገርኩ ይመስለኛል።

ሌላም ሞኝነት ነበረኝ። ሰው የሚሞተው መርዶው ሲነገር ነው ብዬ አምን ነበር። አዋቂዎቹ «ሰማንያው ቀን ይለፍና» ሲሉ ስሰማ፣ አያ አበጀ አንድ ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። በሕይወት የለም፤ ግን ገና አልሞተም።

ከሁሉ የከፋው ማታ ማታ ነበር። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው የጭነት መኪና አመሻሽ ላይ ገበያው ጫፍ ይቆማል፤ ከቆላ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚወርደው ከሱ ነው። ስማቸው በየቀኑ ሊቀበል ይወጣል። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። መኪናው ሲቆም አቧራው መጀመሪያ ይደርሰናል፣ ቀጥሎ የናፍጣው ሽታ፣ ቀጥሎ ሰዎቹ። የከሱ፣ የጠቆሩ፣ አዲስ ብርድ ልብስ በጀርባቸው ያዘሉ ሰዎች። ስማቸው አንዱንም አይጠይቅም። እያንዳንዱን ፊት አይቶ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። አንዳንዶቹ ያውቁታል፤ የአበጀ ልጅ መሆኑን ሲያዩ ጫማቸውን ማሰር ይጀምራሉ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ የሚያስር ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ነገ ይመጣል» እለዋለሁ ስንመለስ።

«እሺ» ይላል።

«ሰሊጡ ዘንድሮ ብዙ ነው አሉ፤ አጨዳው አላለቀ ይሆናል።»

«ማን አለ?»

«ሰዎች።»

«እሺ።»

ታኅሣሥ ውስጥ አባቴ አንድ ነገር አዘዘኝ። አያ ደሴ ጥቁር ጨርቅ ገዝቶ አምጥቷል፤ ለእትዬ ውዴ የሐዘን ቀሚስ ሊሰፋ ነው። መርዶው በተነገረ ቀን የምትለብሰው መዘጋጀት አለበት። ያልተረዳችን ሴት ደግሞ ጠርቶ መለካት አይቻልም። አባቴ ሲባጎ ሰጠኝ። «ቀሚሷ ሲሰጣ ጠብቅ። ቁመቱን አንድ ቋጠሮ፣ ደረቱን ሁለት ቋጠሮ፣ እጅጌውን ሦስት። ማንም እንዳያይህ።»

ቅዳሜ ነጭ ቀሚሷ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት። እርጥብ ነበር፤ የሳሙናና የወተት ሽታ አለው። ቁመቱን ለክቼ አንድ ቋጠርኩ። ደረቱ ላይ ስደርስ፣

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ስማቸው ከኋላዬ።

ሲባጎው በጥርሴ ነበር። «አባዬ… ለክርስትናው አዲስ ቀሚስ ሊሰፋላት ነው። ድንገት ሊያስደስታት ፈልጎ ነው፤ እንዳትናገር!»

ስማቸውን ማንም «እንዳትናገር» ብሎት አያውቅም፤ አያስፈልግም። ግን እትዬ ውዴ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች። «ውይ ያባትህን ደግነት! ንገረው ልጄ፣ እጁን ይባርከው በልልኝ» አለችኝ። ስማቸው እኔን አየ፣ ሲባጎውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀሚሱን ጫፍ ያዘልኝ፤ እየረዳኝ ነው! የእጅጌውን ሦስት ቋጠሮ እሱ እንደያዘልኝ አሰርኩ።

ከዚያ በኋላ ስማቸው መብላት ተወ። በትምህርት ቤት ዕረፍት የሚይዛትን ቂጣ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ እበላታለሁ። አንድ ቀን «ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለኝ። እሱ ማንበብ ይችላል፣ ጽሕፈቱ ግን መምህራችን እንዳሉት ዶሮ የጫረው ነው። ትምህርት ቤቱ ጀርባ ግራር ሥር ተቀምጠን እሱ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ፦ ይድረስ ለውድ አባቴ፤ እማዬ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ስም አላወጣንላትም፤ አንተን እየጠበቅን ነው፤ ቶሎ ና። እየጻፍኩ ያለሁት በሕይወት ለሌለ ሰው ነው። እርሳሴ ሁለት ጊዜ ተሰበረ።

«ለሹፌሩ ረዳት እሰጥልሃለሁ» አልኩት። አልሰጠሁም። የአባቴ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት።

ገና አለፈ። ስማቸው መልስ ይጠብቃል፤ የአንገቱ አጥንት መታየት ጀመረ። እናቱ ከአራስ ቤት ሆና «ምን ሆነብኝ ልጄ?» ትላለች። እኔም አሰብኩ። የእኔ ማሰብ ሁልጊዜ ጥፋት ነው፤ እስከ ዛሬ። «ጓደኛዬ ደብዳቤ ነው የሚፈልገው፤ ደብዳቤ ደግሞ መጻፍ እችላለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ በግራ እጄ ሞከርኩ፤ እኔም ራሴ ላነበው አልቻልኩም። በቀኝ እጄ ጻፍኩት፦ ይድረስ ለውድ ልጄ ለስማቸው፤ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሰው አስጽፌልሃለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ለቅበላ እመጣለሁ፤ ምግብህን ብላ። ይቺን የመጨረሻዋን ስጨምር በብልህነቴ ተደነቅኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ፣ ከቆላ የመጣ እንዲመስል አመድ ላይ አሻሸሁትና ለስማቸው ሰጠሁት። «ከመተማ የመጣ ሰውዬ ነው የሰጠኝ።»

ከእናቱ መደብ አጠገብ ቆሞ ከፈተው። እትዬ ውዴ ሚጡን እያጠባች ነበር። «አንብበው እንጂ!» አለችው። ስማቸው የመጀመሪያዋን መስመር አየ። ፊቱ ላይ የነበረ አንድ ነገር ጠፋ። እኔ፣ ሞኙ፣ ደስታ ደንግጦበት ነው አልኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁ አልተሰበረም፣ ትንፋሹ አልተቆራረጠም። ጤናዬ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ለቅበላ እመጣለሁ። ስለ ምግቡ የጻፍኩትን ዘለለው። እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም።

«‹ልጅቷን ካሳነሽ በሏት›» ብሎ አነበበ። «‹እናትህን አደራ። እኔ ብዘገይ አንተ አለህ።›»

 ይህን አልጻፍኩም! ካሳነሽ ደግሞ በእኛ አገር ለማንም ልጅ የሚወጣ ስም አይደለም፤ ሰው ከጠፋበት ቤት ለምትወለድ ልጅ ነው። በዚያ ቤት መሞቱን ከእኔና ከሟቹ በቀር ማን ያውቃል? አያ አበጀ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ እጁን ዘርግቶ ደብዳቤዬ ላይ እንደጨመረበት አልተጠራጠርኩም። እትዬ ውዴ ሚጡን ቁልቁል አየቻት። «ካሳነሽ…» አለች። ከዚያ እልል አለች። ወረቀቱን ተቀብላ ስማ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ቤቴ እስክደርስ ወደ ኋላ አላየሁም።

የዚያን ዕለት እልልታ ሰምቶ የደነገጠው ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። አያ ደሴ መጣ። የሞተ ወንድሙ ደብዳቤ ልኳል! ያ ከቆላ የመጣው ሰው በዓይኑ አላየም፤ ከሰው ነው የሰማው። ተሳስተውስ ቢሆን? የተቀበረው ሌላ አበጀ ቢሆንስ? አያ ደሴ በነጋታው በግ ሸጠ፣ በሶ አስቋጠረ፣ ወንድሙን ሊፈልግ ለመንገድ ተነሣ። አባቴ ጥቁሩን ቀሚስ ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቶ አጣጥፎ አስቀመጠው። ሁለት ወር ሙሉ ያላየሁትን ፈገግታ አየሁበት። እናቴ እንኳ አቀፈችኝ፤ «ደብዳቤውን የተቀበልክ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ያ እጅ የት እንደሚደበቅ ጠፋኝ።

አያ ደሴ ከመሄዱ በፊት ደጁ አስጠራኝ። ስማቸውም ነበር። አያ ደሴ በርከክ ብሎ ትከሻዬን ያዘ፤ ዓይኑ ያበራል።

«ሙሉ፣ ደብዳቤውን የሰጠህ ሰውዬ ምን ይመስላል?»

«ረጅም ነው» አልኩ።

«እሺ ረጅም።»

«ጢማም ነው። አንድ ዓይኑ…»

«አንድ ዓይኑ ምን?»

ሁለት ወር ዝም በል ሲባል ሊፈነዳ የደረሰ አፍ፣ መናገር በነበረበት ሰዓት ተሰፋ። አያ ደሴ የሚሄደው በንዳድ ወንድሙን ወደ ገደለው ቆላ ነው፤ የሚፈልገው ደግሞ የሌለ ጢማም ነው። አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ ወጣ።

«ሰውዬ የለም፣ አያ» አለ ስማቸው።

«ምን?»

«ሰውዬ የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሰው ሰጠኝ በል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

አያ ደሴ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም። ዓይኑ ላይ ያለው ብርሃን ሲጠፋ በቅርብ አየሁት፤ ትከሻዬን እንደያዘ ነበርና። ከዚያ ወደ ጌሾው ሄዶ አርጩሜ ቆረጠ። አምስት ጊዜ ገረፈው። እየገረፈ ያለቅስ ነበር፤ እንደዚያ ሲያለቅስ ያየሁት ጎልማሳ ሰው የለም። ወንድሙን ሁለተኛ ጊዜ መቅበሩ ነበር፤ ሁለተኛውን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ስማቸው ድምፅ አላወጣም። እኔ ቆሜ ቆጠርኩ። አንድ ነገር ለማለት ከንፈሬ ሦስተኛው ላይ ተንቀሳቅሷል፤ ይህን ለራሴ እቆጥርለታለሁ። በአምስተኛው አርጩሜው ተሰበረና ቀረ።

«ለእናትህ እንዳትነግራት» አለ አያ ደሴ ሲጨርስ።

«አልነግራትም» አለ ስማቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚጡ ክርስትና ተነሣች፤ ካሳነሽ ተባለች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። መንገዱ በዝምታ በሚሄዱ ሰዎች ሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። የእርምጃቸው ኮቴ ብቻ ይሰማል። የንስሐ አባቷ በሩን አንኳኩ። «ውዴ ልጄ» አሉ፣ «አይዞሽ፤ አበጀ አርፏል።» ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት አልጽፈውም።

እናቴ ሕፃኗን ተቀብላ ያዘች። እኔ ከእናቴ ቀሚስ አልተለየሁም፤ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ ካሳነሽ አለቀሰች፤ ለእናቷ ሰጧት። ድንኳኑ ውስጥ እንጉርጉሮው ለአፍታ ጋብ ሲል የመጥባቷ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እየዋጠች ነው። ወተቱ አልደረቀም። የዚያን ጊዜ ነው እኔም ያለቀስኩት፤ ሰዎቹ ለሟቹ መሰላቸው፤ «ልጅ ሆኖ አንጀቱ!» አሉ።

ጥቁሩ ቀሚስ ልክ ሆነላት። በዚያ ሰሞን በእጄ ካለፈው ነገር ሁሉ ያልዋሸው ሲባጎው ብቻ ነው። እትዬ ውዴ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ «ስም አውጥተህ ላክህላት እንጂ ዓይኗን አላየህ!» እያለች ታነባ ነበር። የደብዳቤውን ምስጢር የሚያውቁት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ያን ወረቀት ከእጇ ሊወስድ የደፈረ አልነበረም።

ሦስት ቀን ከስማቸው ጎን ተቀመጥኩ። አባቴ «ዝም ብለህ አጠገቡ ሁን፤ አታውራበት» ብሎኛል። በሦስተኛው ቀን ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ሳህን ንፍሮ ለሁለት ይዘን ተቀምጠን ነበር። ስማቸው ባቄላውን እየለየ ይበላል፤ ቀሚሱን ከለካሁ ወዲህ ደህና አድርጎ ሲበላ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። አልቻልኩም።

«ስሙን ማን ጨመረበት?» አልኩት በሹክሹክታ። «ካሳነሽ የሚለውን። እኔ አልጻፍኩትም!»

«እኔ ነኛ።»

«የኔ ጽሕፈት መሆኑን አውቀሃል?»

«ያንተ ‹ለ› አንድ እግሯ ሁልጊዜ አንካሳ ናት።»

«መቼ ነው… ያባትህን ነገር መቼ አወቅክ?»

አሰበ። «ቀሚሷን ስትለካ ጠረጠርኩ። ደብዳቤውን ስታመጣ አወቅኩ። አባዬ ደህና ቢሆን አንተ ደብዳቤ ትጽፍልኝ ነበር?»

«ታዲያ ለምን መኪና መጠበቅ አልተውክም?»

«እማዬ በበሩ ታየኛለች።»

ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁለት። እኔ እያጽናናሁት መስሎኝ ነበር። «ለምንድን ነው እኔ ጻፍኩት ያልከው ታዲያ?»

«አንተን ቢገርፉህ ትጮሃለህ። ከጮህክ ሁሉንም ትናገራለህ። እማዬ ትሰማለች።» አንድ ባቄላ ልጦ አፉ ከተተ። «አያ ደሴ አምስት ነው የመታኝ። ቆጥረሃል?»

«ቆጥሬያለሁ።»

«አምስቱ ያንተ ናቸው። አንድ ቀን ትቀበለኛለህ።»

ለአያ ደሴ ነገ ነገ እያልኩ እውነቱን ሳልነግረው አረፈ። ስማቸው ግን አለ፤ እዚያው ይጁቤ ነው። ባለፈው መስከረም ልጠይቀው ሄጄ፣ ጀርባዬ አርጅቷልና ከአምስቱ ሁለቱን ቢቀንስልኝ ብዬ ለመንኩት። እንደ ልማዱ አሰበ። ከዚያ ከዘራውን አንሥቶ ርዝመቱን አየና፣

«አንዱንም አልቀንስም» አለኝ። «ቁጭ በል፣ ምሳ ደርሷል።»